ስናረግዝ ምን ያህል እንንቀሳቀስ?

በወርኃዊ ስብሰባችን የቀረበ ንግግር



ከመካከላችን ገሚሶቻችን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንውላለን፤ ገሚሶቻችን 20 ሊትር ጀሪካን አዝለን ዳገት እንወጣለን። ስናረግዝ ግን ለሁላችንም የሚሰጠን ምክር አንድ ነው፤ «አርፈሽ ተቀመጪ!» ሂሳብ የምንሠራው ሰምተን ተቀመጥን፤ እግራችን አበጠ፣ ወገባችን ተያዘ። ውኃ የምትቀዳዋን ደግሞ «ተቀመጪ» ያላት ሁሉ ጀሪካኑን አልተቀበላትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ያልከለከላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ብታደርግ ይመከራል። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው (ለዚህ እንኳ የሂሳብ ዲፕሎማ አያስፈልግም)። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል፤ እየሄድን ማውራት ከቻልን ልኩ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የስኳር በሽታና የደም ግፊት ስጋት ይቀንሳል። ጤናማ እርግዝናን ያስወርዳል የሚባለው እውነት አይደለም።

ከባድ ሸክም ግን ስፖርት አይባልም፤ አናምታታው። ደም ከታየን፣ ውኃ ከፈሰሰን፣ ራሳችንን ካዞረን ወይም ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከመጣ ቆም ብለን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ከዚህ ወር ጀምሮ ከቁጠባ ስብሰባው በኋላ አብረን በእግር እንሄዳለን። ለነፍሰ ጡር አባላት ውኃ የሚያመላልስ የጋሪ ኪራይ ከማኅበራዊ ፈንዳችን እንዲከፈል ያቀረብነው ሐሳብም ወጪው ተሠልቶ እጃችሁ ላይ አለ፤ ሳንበተን ድምፅ እንስጥበት።