ከቃኘው ጣቢያ እስከ ቺፕ

የተከበራችሁ የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተመራቂዎች፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ጋዋናችሁም ጥቁር ነው፤ ስለዚህ አላረዝምባችሁም።

እ.ኤ.አ. በ1946 ሞስኮ የነበሩት አሜሪካዊ ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናን፣ ታመው አልጋ ላይ እንዳሉ ለዋሽንግተን ረጅም ቴሌግራም አስጻፉ። በቀጣዩ ዓመት ያሳተሙት ጽሑፍ ሐሳቡን ይበልጥ አፍታታው፦ የሶቪየት ኅብረትን መስፋፋት በትዕግሥትና በጽናት መግታት፣ የቀረውን ለራሷ የውስጥ ድክመት መተው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ምዕራብ አውሮፓን መልሶ ለማቋቋምም ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ግን ፖሊሲው የጄኔራሎች ሆነ። ኬናን 101 ዓመት ሲኖሩ፣ «እኔ ያልኩት ይህን አልነበረም» ለማለት ብዙ ጊዜ አግኝተዋል፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውስጥ አለንበት። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 በተፈረመ የ25 ዓመት ውል ደግሞ አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ይዛ ቆየች። ደጋው ለሬዲዮ ሞገድ ተስማሚ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በምላሹ መሣሪያና ሥልጠና አገኙ። ወዳጅነቱ የጸና ይመስል ነበር። ሳተላይት መጣ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሺያ ተሠራ፣ የጣቢያውም ዋጋ ወረደ። በ1977 የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታውን ሲቀንስ፣ ንጉሠ ነገሥቱን የተካው ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ አዘዘ። በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ፤ ሞስኮ ሞቃዲሾን ትታ ወደ አዲስ አበባ ዞረች። በ1980 አሜሪካኖች ሶቪየቶች ባለሙት የበርበራ ወደብ ለመጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተፈራረሙ። ተቀናቃኞቹ ቤት ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። በዚያ መካከል ስንት ወጣት እንዳለቀ ወላጆቻችሁ ያውቁታል።

ዛሬ የሚገታው ቻይና ነው፤ መግቻውም ተለውጧል። በ2022 ዋሽንግተን የላቁ ቺፖችና መሥሪያቸው ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ቀጥላም ሆላንድንና ጃፓንን አግባባች። ኤኤስኤምኤል የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ እጅግ የረቀቀውን የቺፕ ማተሚያ የሚሠራ ሌላ የለም። እንዲህ ያለ ብርቅ ዕቃ ያላት፣ የኔቶ መሥራች የሆነች አገር እንኳ ለማን እንደምትሸጥ ብቻዋን አልወሰነችም።

የኢትዮ ቴሌኮምን ኔትወርክ በአብዛኛው የዘረጉት ሁዋዌና ዜድቲኢ ናቸው። ከመካከላችሁ አንዱ ነገ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲቀጠር፣ «ከማን ትገዛላችሁ?» የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ይደርስ ይሆናል። መልሱን ከማርቀቁ በፊት የቃኘውን ውል ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ ቢያነብ ደስ ይለኛል።