የመንገድ ዳር ማቆሚያ የማን ነው?



በመኖሪያ ቤት ደጃፍ የሚያልፈው መንገድ የሕዝብ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ነዋሪው ከገበያ ሲመለስ መኪናውን የሚያቆምበት ሥፍራ ካጣ፣ የሕዝብነቱ ጥቅም ለእርሱ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው በአርሊንግተን ካውንቲ ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክሪስታል ሲቲ በተባለው የቢሮና የንግድ አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች መኪናቸውን በአጎራባቹ የመኖሪያ ሠፈር ያቆሙ ነበር። ካውንቲው በሥራ ቀናት ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ማቆምን ከልክሎ፣ ለነዋሪዎችና ለአንዳንድ እንግዶቻቸው ነፃ ፈቃድ ሰጠ። ሠራተኞቹም ነዋሪን ከሌላው መለየት የሕግ እኩልነትን ይጥሳል ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢፈርድላቸውም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርዱን ሻረው። ጩኸትንና የአየር ብክለትን ለመቀነስ እንዲህ ያለ ልዩነት ማድረግ ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ።

የሕግ ክርክሩ በዚህ ተቋጨ፤ የሙያው ክርክር ግን አልተቋጨም። ፈቃድ አንዲት ተጨማሪ ቦታ አይፈጥርም። የተከለከለውም መኪና አውቶቡስ ወይም ባቡር ካልተካው ወደሚቀጥለው ሠፈር ይሻገራል። ስለዚህ ፈቃድ የሚያድል ማዘጋጃ ቤት አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል፦ መንገዱ ስንት መኪና እንደሚይዝና የሚከለከለው ሰው በምን እንደሚጓዝ። ይህ ሳይጠና የሚተከል የክልከላ ምልክት የአንዱን ሠፈር ችግር ለሌላው ከማውረስ አያልፍም።