በባዶ መሬት ላይ የተዘረጋ ማዕድ

— ኒውዮርክ፣ ደቡብ ብሮንክስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤቱ ተቃጥሎ ባዶ የቀረ መሬት ሞልቶ ነበር። ፖርቶ ሪኮዎች ቆሻሻውን ጠርገው ጓሮ አለሙበት። እንደ አገራቸው ትንሽ የእንጨት ቤት ቀለሱ፤ «ካሲታ» ይሏታል።

— ማዕዱስ፣ ወንድሜ?

— ሩዝ በአተር፣ የተጠበሰ ሥጋ። ሽታው ራሱ ጎረቤት ይጠራል!

— ግን እኮ ስፓኒሽ የማይችለው ዳር ሊቀር ይችላል።

— እውነትሽን ነው። ሳህን ሲሰጡት ግን ይቀመጣል፤ «ይሄ ቅጠል ምንድን ነው?» ብሎም ይጠይቃል።

— እሺ፤ መሬቱ ግን የእነሱ ነው?

— የብዙዎቹ የከተማው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የከንቲባ ጁሊያኒ አስተዳደር በከተማዋ ያሉ 114 የጋራ ጓሮዎችን ለጨረታ ሊያወጣ ነበር።

— ያሳዝናል! ከዚያስ?

— ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ። ዘፋኟ ቤት ሚድለር ያቋቋመችው ድርጅትና ሌላ የመሬት ተቋም ገዝተው አተረፏቸው።

— ዛሬም አብረው ይበላሉ?

— በሞቃት ቅዳሜ ብትሄጂ፣ ከበሮውን ከመንገድ ትሰሚያለሽ።