የቡና ገለባን ለማገዶ ስለ ማዋል

ልጆች ሆይ፤ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በዙሪያቸው ባለው የቡና አገር ጀንፈሉ ደርቆ ወደ መቀሸሪያው በገባ ጊዜ ፍሬው በአንድ ወገን፣ ገለባው በሌላው ወገን ይወጣል። የገለባውም ክብደት ከፍሬው ክብደት እምብዛም አያንስም። ፍሬው ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል፤ ገለባው ግን በመቀሸሪያው ደጃፍ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ወይም በሜዳ በከንቱ ይቃጠላል።

የባለቡናው ሚስት ግን በዚያው ቀን ማገዶ ፍለጋ ወደ ዱር ትወጣለች፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። የዚህ አገር ቡና በጥላ ሥር ማደግ የለመደ ስለ ሆነ፣ ዋንዛውን፣ ብርብራውንና ሰሳውን ለከሰል የቈረጠ ሰው የገዛ ቡናውን ለፀሐይ አጋለጠ። ደግሞም በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰለው በተለመደው አሠራር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

አዲስ አበባ በማገዶ እጦት በተጨነቀች ጊዜ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለላት። ለጅማ ግን ከመድኃኒቱ አንዱ በደጃፏ ተከምሮ ይገኛል።

ገለባው እንዲሁ ቢማገድ ቀላል ስለ ሆነ ጭሱ ይበዛል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይከሰላል። በደንብ የደረቀው ገለባ ጥቂት ቀዳዳ ባለው በርሜል ተሞልቶ ይለኰሳል። ወፍራሙ ነጭ ጭስ ሲሳሳ ቀዳዳው ሁሉ በጭቃ ይመረጋል፤ አየር ከገባ ከሰሉ ዐመድ ሆኖ ይቀራልና። ከቀዘቀዘ በኋላ ተወቅጦ፣ ጥቂት የሸክላ አፈር በውሃ ተበጥብጦ ይጨመርበትና ይጠፈጠፋል። ኩበት የጠፈጠፈች እናት ይህን ሥራ ከግማሽ በላይ ታውቀዋለች። አፈሩ አይነድም፤ ስለዚህ በበዛ መጠን ሙቀቱ ያንሳል፣ ዐመዱም ይበዛል። የቡላ ወይም የበቆሎ ሙቅም ያጣብቃል፤ ነገር ግን ምግብ በሌለበት ቤት እህልን ለእሳት መስጠት አይገባም። የተጠፈጠፈው በፀሐይ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይነሣም።

ገለባው ሁሉ ግን ለእሳት አይሁን። ከእርሻው የወጣ ስለ ሆነ ከፊሉ ብስባሽ ሆኖ ወደ ቡናው ሥር ይመለስ። በእሸትነቱ ከሚፈለፈለው ቡና የሚወጣው እርጥብ ልጣጭ ደግሞ ከከሰል ይልቅ ለብስባሽ ይሻላል፤ ወደ ወንዝ ቢጣል ውሃውን ያበላሻል።

ይህ ከሰል ጭሱ ጥቂት ነው ተብሎ በተዘጋ ቤት እንዳይነድ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ምድጃው ደጅ ይቀጣጠል፤ ወደ ቤት ቢገባም በርና መስኮት ይከፈት፤ ማታም ሰው ሳይተኛ ፍሙ ይውጣ።