«አይሆንም» ለማለት የሚያበቃ ሥራ



ስፌት፣ ብየዳ፣ እንጨት ሥራና ምግብ ዝግጅት ተምራችሁ በምትመረቁ ልጆች ፊት ስቆም ልቤ ይሞላል። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው የእጃቸው ሥራ ከማንም ቤት ሳይጠፋ እነሱ ራሳቸው ሲናቁ ኖረዋል። ማረሻ ሳይሠራለት ያረሰ ገበሬ የለም፤ ማረሻውን የሠራውን ግን ወደ ማዕዱ የሚያቀርበው ጥቂት ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር ሰዶ ስለነበር ነው። ዛሬ ወላጆቻችሁ በእልልታ ሲቀበሏችሁ ሳይ ያ ዘመን እየራቀን እንደሆነ አምናለሁ።

የራስን ሥራ ስለመጀመር እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ ገንዘቡ ሌሎች ይነግሯችኋል፤ እኔ ስለ ነፃነቱ ልናገር።

የራሱ ሥራ ያለው ሰው አለቃ የለውም ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ አይደለም። ደንበኛው አለቃ ነው፤ አከራዩ አለቃ ነው፤ ጨርቅ በዱቤ የሰጣችሁ የመርካቶ ነጋዴም እንዲሁ። የስፌት ቤቴን በከፈትኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ተቀጥሬ ሳለሁ ከምሠራው በላይ ሠርቻለሁ። የትምህርት መክፈቻ ሲቃረብ የዩኒፎርም ትዕዛዝ እሑዱንም ሌሊቱንም ይወስዳል። ታዲያ ነፃነቱ የቱ ላይ ነው? «አይሆንም» ማለት መቻሉ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ብዙ የሥራ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። በጨርቁ ተስማማን፣ በዋጋው ተስማማን፤ በመጨረሻ የግዥ ሠራተኛው ደረሰኙ ላይ ከሚከፈለኝ በላይ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት፤ ትዕዛዙም ቀረ። ይህን እንድል ያስቻለኝ ቁጥብነቴ ነው። የዚያን ወር ኪራይ አስቀድሜ ለይቼ ነበር። ቀሚስ የሚያሳጥሩ፣ ዚፕ የሚያስቀይሩ፣ ለሠርግ የሚያሰፉ ብዙ ትናንሽ ደንበኞች ነበሩኝ። የሚያስጨንቅ ዕዳም አልነበረብኝም። በፊት ተቀጥሬ በነበርኩበት ቦታ ግን ክሩ ቶሎ እንደሚበጠስ እየተናገርን እንኳ «ዝም ብላችሁ ስፉ» እንባል ነበር፤ የሁላችንም እንጀራ በዚያ ደመወዝ ላይ ነበረና።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ የሱቁ ገንዘብና የኪሳችሁ ገንዘብ እንዳይቀላቀሉ ነው። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። ለዘመድ ሠርግም ለለቅሶም የምታወጡት ከደመወዛችሁ ይሁን። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ሱቅ የከፈተ ሰው ሁልጊዜ ገንዘብ ያለው ይመስላል፣ ለመጣ ዘመድ «የለኝም» ማለትም ያሳፍራል። ነገር ግን የጨርቅ መግዣውን አንስቶ የሰጠ ሰው በሳምንቱ የማይፈልገውን ሥራ ለመቀበል ይገደዳል። ገቢና ወጪያችሁን በደብተር ጻፉ። ቀብድ ሳትቀበሉ ጨርቅ አትቁረጡ። እቁብ ግቡ፤ ዕጣው ሳይደርሳችሁ ግን ገንዘቡን አስባችሁ አትጨርሱት። ኑሯችሁንም በአንድ ትልቅ ደንበኛ ላይ አትጣሉ፤ እሱ ሲቆጣ ሥራችሁ አብሮ ይናጋል።

የራስን ሥራ ከፍቶ የማሳደግ ዕድል ለወላጆቻችሁ ትውልድ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ያወጣው አዋጅ የግል ቸርቻሪን ካፒታል በ200,000 ብር፣ የጅምላ ነጋዴን በ300,000 ብር ገደበ፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ንግድ እንዳይዝም ከለከለ። ጎበዝ የነበረ ሁሉ ጣሪያው ላይ ሲደርስ መቆም ነበረበት። ገደቡ የተነሳው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ዛሬ ግን በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሌላ አዋጅ ደግሞ ቤትም መሬትም የሌለው ሰው የስፌት መኪናውን ወይም የብየዳ ማሽኑን አስይዞ የሚበደርበትን መንገድ ከፍቷል። ስለ እነዚህ ሕጎች ጠይቁ፤ ብዙ ባለሙያ መኖራቸውን እንኳ ሳይሰማ ሥራውን ዘግቷል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ነገ እናንተም ሰው ትቀጥራላችሁ፤ ለቀጠራችኋት ልጅ አለቃዋ እናንተ ትሆናላችሁ። እኛ አለቃ ሸሽተን ወጥተን ሌላውን የምናስጨንቅ ከሆነ ያገኘነው ነፃነት ያሳፍራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትልቅ ፋብሪካ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ሁለት መኪና ያላትን ስፌት ቤትም ይመለከታል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ነው።

የመጀመሪያዋን ሠራተኛችሁን በቀጠራችሁ ዕለት ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፤ አንዱን ቅጂ ስጧት። «ይህ አይሆንም» ስትላችሁም ቁጭ ብላችሁ አድምጧት።