እሳቱ ከደጅ ይደር

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በዚህ መድረክ ላይ ካሁን ቀደም ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ፎቅ አያሌ ንግግሮች ተደምጠዋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ምድጃ ነው። ርእሱ ለመሐንዲስ የማይመጥን መስሎ የሚታየው ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ ይመስለኝ ነበርና። የአንድ ተቋም ንድፍ ሲወጣ ማድ ቤቱ ከወረቀቱ ጥግ ላይ በመጨረሻ የምትሣል አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ናት። ከዚያ በኋላ ስለ እሳቱ የምታስበው ወጥ ቤቷ ብቻ ትሆናለች። ይህ ልማዳችን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል የተማርኩት ከራሴ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የሆነውን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሚመለከተው የጎጃምን ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከሰሜን በኩል ያለው የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከተማዪቱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ከመጠራቷ በፊት መንቆረር ትባል ነበር፤ ትርጓሜውም ብርዳም ቦታ ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር እሳት ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ልብስም፣ መብራትም፣ ጎረቤትም ነው።

አባቶቻችን እሳቱን ከጎጆው መካከል ያኖሩት ባለማወቅ አልነበረም። ጢሱ የክዳኑን ሣር ከተባይ ይጠብቅላቸዋል፤ ማታ በአመድ የተዳፈነው ፍም ጧት ይገለጣል፤ እሳት የጠፋበት ጎረቤትም ሊጭር ይመጣል። ጎጆው ደግሞ ይተነፍሳል፤ ጢሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ሲወጣ ከሩቅ ይታያል። እርግጥ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና መሰል ነዳጅ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ሆኖም ያ ጎጆ ለሚኖርበት ሰው አየር አይነፍገውም ነበር።

እኛ ግን ግድግዳውን በስሚንቶ ለሰንን፤ ጣራውን በቆርቆሮ ከደንን፤ ከሥሩ ኮርኒስ ዘረጋን፤ መስኮቱንም በመስተዋት ዘጋን። ቤቱን ለወጥነው፤ ብርዱና ፍሙ ግን እንደ ነበሩ ናቸው። የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም ለሚገኝ አንድ ተቋም የውጭ ማድ ቤትና ትልቅ የእንጨት ምድጃ እንድሠራ ተጠይቄ ነበር። የተቋሙን ስም ማንሣት ለጉዳዩ አይጠቅምም። ምድጃው ተሠራ፤ ጢሱም በማውጫው ቀጥ ብሎ ወጣ። ወጥ ቤቶቹ ዓይናቸውን ሳይጠርጉ መሥራት በመቻላቸው መረቁኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት የግቢው ዘበኛ ከዚያው ምድጃ ፍም በባልዲ ዝቀው ወደ ጥበቃ ክፍላቸው አስገቡ፤ በሩን ዘግተውም ተኙ። ጎሕ ሳይቀድ የመጣችው ወጥ ቤት በሩን ብታንኳኳ መልስ አጣች። ሰው ጠርታ በሩ ሲሰበር አዛውንቱ ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ሆስፒታል ደርሰው ኦክሲጅን ተሰጥቷቸው ተረፉ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ያሉኝን አልረሳውም፤ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ብርዱ አላስተኛ አለኝ። ምድጃህ ደግሞ ማለፊያ ፍም ነው የሚያወጣው።»

ያቺን የጥበቃ ክፍል የነደፍኩትም እኔ ነበርኩ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ አንድ በር፣ አንድ የማይከፈት መስተዋት። በንድፌ ላይ እሳቱን ከቤት አውጥቼው ነበር፤ ብርዱን ግን ከቤት አላወጣሁትም። ስለዚህ እሳቱ ብርዱን ፍለጋ ተመልሶ ገባ።

አሁን የውጭ ምድጃ እንዴት እንደሚተከል ከልምዴ ላቅርብ።

አንደኛው ጉዳይ ቦታው ነው። ምድጃው ከመኝታ ቤት፣ ከሣር ክዳንና ከጭድ ክምር መራቅ አለበት፤ እኔ በበኩሌ ከ15 ሜትር በታች አልፈቅድም። ነፋሱ ከምድጃው ወደ ቤቶቹ የሚነፍስበት ወገን አይመረጥም፤ የክረምትና የበጋ ነፋስ ስለሚለያይ በሁለቱም ወራት መመልከት ያሻል። ከምድጃው በላይ የዝናብ መከለያ ጣራ ይሠራል፤ ዙሪያው ግን ቢያንስ በሁለት ወገን ክፍት ይሁን። አራቱንም ወገን የዘጋ ሰው ምድጃውን መልሶ ቤት ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛው መሠረቱ ነው። በዚህ አገር በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠ ምድጃም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣና በድንጋይና በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይተካል። እሳት የሚነካው ክፍል በተተኮሰ የሸክላ ጡብና በጭቃ ይገነባል፤ ተራ የስሚንቶ ቅልቅል የእሳቱን ሙቀት አይችልምና። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይም ለዚህ አይሆንም። በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሲሆን ድንጋዩ ፈንድቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። እንጨቱ በብረት ፍርግርግ ላይ እንዲነድ ይደረጋል፤ አየሩ ከሥር ይገባል፣ አመዱም ወደ ታች ይወርዳል።

ሦስተኛው የጢስ ማውጫው ነው። ከዚህ ላይ ከፍታችንን መርሳት የለብንም። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ አገር የተሰላ ንድፍ እንዳለ ቢቀዳ እሳቱ አየር ያጥረዋል፣ ጢሱም ወደ ኋላ ይመለሳል። ያንኑ ያህል እንጨት ለማንደድ የአየር መግቢያውና የጢስ ማውጫው ስፋት በአንድ ሦስተኛ ገደማ መጨመር አለበት። የማውጫው አናት በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ጣራ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ባዶ የቆርቆሮ ቱቦ በእንጨት ማገር አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ በመካከላቸው 45 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተው። የማውጫ መዝጊያ ቢደረግም ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ አይሁን።

አራተኛው ማገዶው ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተጠልሎ፣ ነፋስ እያገኘው ስድስት ወር ያህል መቆየት ይገባዋል። እርጥብ እንጨት የራሱን ውኃ ለማትነን ሙቀቱን ያባክናል፤ በማውጫው ውስጥም ቅጥራን ይለጥፋል። ቅጥራኑ አንድ ቀን በእሳት የተያያዘ እንደ ሆነ ማውጫው ራሱ ችቦ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው መጠረግ አለበት። የድንጋይ ከሰል ለእንጨት በተሠራ ምድጃ ውስጥ አይጨመርም፤ ሙቀቱም ሆነ የድኝ ጢሱ ለብቻው የታሰበ ፍርግርግና ማውጫ ይሻል። በፍም ላይ ላምባ ማርከፍከፍ፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ጣውላ ማንደድም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ይዘገያሉ። ድስቱን መክደን ያለ ወጪ የሚገኝ የማገዶ ቁጠባ ነው።

በመጨረሻም አጠባበቁ። አሸዋና ውኃ ከአጠገብ አይጥፉ፤ የነጠላ ጫፍ ይሰብሰብ፤ ልጆች ከምድጃው አፍ ይራቁ። የሚነድ ዘይት በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም። የቀዘቀዘ የመሰለ አመድ ከአንድ ቀን በላይ ፍም ደብቆ ሊያቆይ ስለሚችል በብረት ዕቃ ተከድኖ ከደጅ ይደር።

ክቡራን የሙያ ባልደረቦቼ፣

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ቢፈጸም እንኳ ፍሙ ማታ ወደ ቤት ከገባ ልፋታችን ከንቱ ነው። ጢስ ያስላል፣ ያስነብዓል፣ ሰውንም ከቤት ያስወጣል፤ ጥፋቱን አስቀድሞ ይናገራል። ፍም ግን ዝም ይላል። ከሰል ሲከስም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ሰውነታችን የሚተርፍ ኦክሲጅን የለውም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቀው ያልፋል። «ጢሱ እስኪወጣለት ከደጅ ካቆየሁት አይጎዳም» የሚባለው ትልቅ ስሕተት ነው። ደኅና ቀልቶ ጢሱን የጨረሰ ፍምም ያንኑ ጋዝ ይሰጣል።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ፈጥኖም ኦክሲጅን ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ ነው። ጋዙ በተራ አየር ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክሲጅን ግን ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት መጠጣት ጋዙን ከደም አያስለቅቅም።

አንዳንዶች የተሻሻሉ ምድጃዎች ችግሩን አስወግደውታል ይሉ ይሆናል። ከስሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እንጀራ ሲጋገርበት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ተመስክሮለታል። ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ ከቆርቆሮው ማንደጃ ይልቅ ይቆጥባል። ሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ከሰል መቆጠብና ሕይወት መጠበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ቆጣቢውም ማንደጃ ይገድላል። በአዊ አገር፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየቆረጠ ከሰል ሲያከስል ቆይቷል። ይህ ለገበሬው መልካም የገቢ ምንጭ ሆኖለታል። ከሰሉ በሚደርስበት ሁሉ ግን ማስጠንቀቂያውም አብሮት መድረስ ይኖርበታል።

ታዲያ ብርዱ ምን ይሁን? ይህን ሳይመልስ «ፍም አታስገባ» የሚል ሰው ምክሩ ባዶ ነው። ክረምታቸው በሚበረታባቸው አንዳንድ አገሮች እሳቱን ከደጅ አንድደው ሙቅ ውኃውን ብቻ በቱቦ የሚያስገቡ አሉ። እኔም በዚያ ተቋም ይህንኑ ሐሳብ በቀላል መንገድ ሞከርኩት። በምድጃው የጢስ መተላለፊያ ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል አስቀመጥን። እንፋሎት ታፍኖ እንዳይፈነዳ አፉን በልል ክዳን ብቻ ከደንነው። ማታ ዘበኛው በብረት ዕቃ 20 ሊትር ሙቅ ውኃ ቀድተው፣ አጥብቀው ከድነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከአልጋቸው አጠገብ ያኖራሉ። ያ ውኃ ከ90 ወደ 30 ዲግሪ እስኪወርድ የሚለቀው ሙቀት 170 ግራም ያህል ከሰል ሲነድ ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል። ልዩነቱ ውኃው ማንንም አለመግደሉ ነው። ክፍላቸውም በበሩ ሥርና በግድግዳው አናት የማይዘጋ የአየር መተላለፊያ ተከፈተለት፤ አልጋቸውም ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ተሠራ። ወጥ ቤቶቹ ደግሞ ማታ የተረፈውን ፍም በብረት በርሜል አፍነው ያጠፉታል። የሚዛቅ ፍም ከሌለ የሚገባም የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ንድፍ ስናወጣ ምድጃውን፣ የጢስ ማውጫውንና የማገዶ መጠለያውን በልክ እንንደፍ። ሌሊት የሚያድር ሰው ያለበት ክፍል ሁሉ የማይደፈን የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ከሁሉም በላይ ያ ሰው በታኅሣሥ ሌሊት በምን እንደሚሞቅ ሳንጠይቅ በንድፉ ላይ አንፈርም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በአግባቡ የተተከለ ጉልቻ ወጥ ባያጣፍጥ ዕድሜ ይጠብቃል። ሙቀቱ ይግባ፣ እንጀራው ይግባ፤ እሳቱ ግን ከደጅ ይደር።