ሁለተኛውን ሰው ፈልግ
(በሬዲዮ ከቀረበ ስብከት የተዘጋጀ)

በሳጉሬ፣ በበቆጂ፣ በአሰላና በዙሪያው ያላችሁ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የዛሬው መልእክት ስለ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው እሁድ ከመካከላችን ተቀምጦ ይዘምራል፤ ማታ ደግሞ ተደብቆ ይጠጣል። ተጸልዮለታል። «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ያውም ስንት ጊዜ! አሁን ግን መውደቁን ለመናገር አፈረ። ምስክርነት ስንጠይቅ ያሸነፈውን ነው እንጂ ትናንት ማታ የተሸነፈውን አንጠራማ!

አገራችን የገብስ አገር ነው። ገብሱ ብቅል፣ ብቅሉም ጠላና ቢራ ይሆናል። ደቦ ሲወጣ ጠላ ይቀዳል፤ ብርዱ ሲጠና «አንድ መለኪያ አረቄ ያሞቃል» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣው የሞቀን ይመስለናል እንጂ ሰውነታችን ሙቀቱን እያጣ ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ብቻውን «አልጠጣም» የሚል ሰው እስከ መቼ ይቆማል? የደረሰ ገብስ እንኳ ዝናብ ሲያሰጋው ጎረቤት ይጠራለታል እኮ!

«ጌታ ከፈታኝ የሰው ድጋፍ ለምን ያስፈልገኛል?» የሚል አለ። መልሱን ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንመልከት። አልዓዛርን ከመቃብር የጠራው ጌታ ብቻ ነው። ነገር ግን አልዓዛር ሲወጣ እጅና እግሩ እንደ ተገነዘ ነበር። ጌታ መግነዙን በቃሉ መበጠስ አያቅተውም ነበር፤ እርሱ ግን እንዲፈቱት በአጠገቡ የቆሙትን አዘዘ። ሕይወት መስጠት የእርሱ ነው፤ መግነዝ መፍታትን ግን ለወንድሞች ተወው። ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ላይ እርስ በርስ መናዘዝን፣ መጸለይንና መፈወስን አንድ ላይ አያይዟቸዋል።

በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ደላላ መጠጥ ካቆመ ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ለሥራ ወደ አክረን ከተማ ሄዶ ሥራው አልሳካ አለው። ካረፈበት ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቤቱ ይጠራው ጀመር። እርሱ ግን ስልክ አነሣና ለአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወለ። የፈለገው እንደ እርሱ በመጠጥ የተያዘ ሌላ ሰው ነበር። በሰው በሰው ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ለምን? ፊቱ ያለው ሰው አልገሠጸውም፤ የራሱን ታሪክ ነገረው እንጂ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰበሰበው ማኅበር ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ተጀመረ።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቡድን የታለ?» ትሉ ይሆናል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሁለተኛውን ሰው ፈልጉ። ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ አገልጋይ ንገሩ፤ እርሱ ሌላም ሰው ያውቅ ይሆናል። ሁለት ከሆናችሁ ቡድኑ ተጀመረ ማለት ነው። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ ዝናብም ቢሆን አትቅሩ። እያንዳንዱ በተራው ስለ ራሱ ብቻ ይናገር። ሌላው አያቋርጥ፣ አይምከር፣ አይፍረድ። እዚያ የተነገረ እዚያው ይቅር። ስልክ ተለዋወጡ፤ ብርጭቆ ከመነሣቱ በፊት ስልኩ ይነሣ። ወደ ሰርግ ወይም ወደ ደቦ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ ወንበሩ ይጠብቀው። እህቶች ለብቻቸው ቢሰበሰቡ ይሻላል፤ ጠላና አረቄ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እህት የምትናገረው ብዙ ሸክም አላት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት፣ ወይም የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ይህ ሕመም ይገድላል! «ጋኔን ነው» ብላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትያዙት። እየጸለያችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አሰላ ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪም ይህን ጊዜ በመድኃኒት ያሻግረዋል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይቀበለው።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለእናንተም መልእክት አለን። አንድ ክፍል ስጧቸው፤ የስም ዝርዝር ግን አትጠይቋቸው። ሰው ችግሩን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅጣት ከሆነ መደበቅን ይማራል። የተደበቀ ቁስል ደግሞ ያመረቅዛል።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ብቻውን ለተቀመጠው ሰው ደፍሮ የሚናገርበትን አፍ ስጠው። ለእኛም የሚሰማ ጆሮና መግነዝ የሚፈታ እጅ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ወገኖች፣ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ለሚያስፈልገው ሰው አቀብሉት። ስትሰጡትም «አብሬህ እሄዳለሁ» በሉት። ጌታ ይባርካችሁ።